ግሪፊዝ፣ ማውንት ዊልሰን ወይስ ፓሎማር? ከሎስ አንጀለስ ለሚነሣ የኦብዘርቫቶሪ ጎብኚ

ሎስ አንጀለስና አካባቢዋ የሚኖር ሐበሻ፣ ወይም ከአገር ቤት መጥቶ ሐበሻ በሚበዛበት የፌርፋክስ ሰፈር ዘመድ ጋ ያረፈ እንግዳ፣ በመኪና ደርሶ የሚመለስባቸው ሦስት ስመ ጥር ኦብዘርቫቶሪዎች (የሰማይ መመልከቻ ጣቢያዎች) አሉለት። ግሪፊዝ እዚያው ከተማው ውስጥ ካለ ኮረብታ ላይ ነው። ማውንት ዊልሰን ከከተማው ጀርባ የቆመው ተራራ ጫፍ ላይ ነው። ፓሎማር ወደ ሳንዲያጎ በኩል ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ተነድቶ ይደረስበታል። ሦስቱም «ቴሌስኮፕ ያለበት ቦታ» ስለሚባሉ የትኛውም ጋ ቢኬድ አንድ ዓይነት ነገር የሚገኝ ይመስላል። አይገኝም። ፓሎማር ድረስ ነድቶ «ታዲያ ሳተርንን የምናየው በየት በኩል ነው?» የሚል ጎብኚ ሞልቷል፤ መልሱ «በየትም» ነው።

ስለዚህ ከመንገዱና ከዋጋው በፊት አንድ ነገር መለየት አለበት። የሚፈለገው በራስ ዓይን አሾልቆ ማየት ነው? ታሪክ የሠራውን ማሽን ፊት ለፊት ማየት ነው? ወይስ በከዋክብት የተሞላ ጨለማ ሰማይ? ግሪፊዝ የመጀመሪያውን በነጻ ይሰጣል። ፓሎማር ሁለተኛውን ይሰጣል፣ እሱም በነጻ ነው። ማውንት ዊልሰን ሁለቱንም ይዟል፤ ማሽኑን ማየት በነጻ፣ በማሽኑ ማየት ግን በደህና ገንዘብ። ጨለማ ሰማይ ለሚፈልግ ሦስቱም አይሆኑትም። የፓሎማር ሰማይ ከሁለቱ ይሻላል፣ ነገር ግን በሩ የሚዘጋው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው።

ከዚህ በታች የተጻፉት ሰዓቶች በሙሉ በሐበሻ አቆጣጠር ናቸው፤ ዓመታቱ ግን በፈረንጆቹ ናቸው።

ትልቁ ቴሌስኮፕ ለምን ዓይን አያስጠጋም?

ለምርምር የሚሠራ ቴሌስኮፕ ጫፉ ላይ ዓይን የሚደገፍበት ሌንስ የለውም። መስታወቱ የሰበሰበው ብርሃን የሚያርፈው ካሜራ ላይ ወይም ብርሃኑን በየቀለሙ በሚበትን መሣሪያ ላይ ነው። ካሜራ ለረጅም ሰዓት ብርሃን ማጠራቀም ይችላል፤ ዓይን ግን የሰከንድ ክፋይ ያህል ይዞ ይለቀዋል። ሌሊቱም ቢሆን አስቀድሞ ለተመራማሪዎች ተደልድሎ ያለቀ ነው። የፓሎማሩ ትልቅ ቴሌስኮፕ ዛሬም ሥራ ላይ ስላለ ለጎብኚ የቀረው ቀኑ ብቻ ነው።

ማውንት ዊልሰን ላይ የሆነው ሌላ ነው። ሎስ አንጀለስ እያደገች መብራቷ ሰማዩን ሲያፈዝዘው፣ ደብዛዛ ጋላክሲዎችን የማጥናቱ ሥራ ወደ ሌሎች ተራሮች ሄደ፤ ሁለቱ ትላልቅ ቴሌስኮፖችም የዓይን ሌንስ ተገጥሞላቸው ለሕዝብ ተረፉ። የከተማው መብራት ለሳይንቲስቱ ጉዳት፣ ለጎብኚው ሲሳይ ሆነ።

ግሪፊዝ፦ ነጻ፣ ቅርብ፣ ሰው የሚበዛበት

ከባሕር ጠለል በላይ 346 ሜትር ገደማ ነው፤ ከእንጦጦ ሥር ያደገ ሰው ተራራ ብሎ አይጠራውም። ከ1935 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ሲሠራም ለምርምር ሳይሆን ለጎብኚ ታስቦ ነው። ሰኞ ዝግ ነው። ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ይከፈታል። መግቢያው በነጻ ሲሆን የሚያስከፍሉት የፕላኔታሪየሙ (ሰው ሠራሽ ሰማይ ጉልላት ላይ የሚታይበት አዳራሽ) ትርኢትና ኮረብታው ላይ ያለው የመኪና ማቆሚያ ናቸው።

ዋናው ነገር ጣሪያው ላይ ነው። በምሥራቁ ጉልላት ውስጥ 12 ኢንች፣ ማለትም 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ዛይስ የተባለው የጀርመን ድርጅት የሠራው የሌንስ ቴሌስኮፕ አለ፤ ሰማዩ የጠራ ከሆነ ከምሽቱ 1 ሰዓት ግድም እስከ 3 ሰዓት ተኩል ማንም ተሰልፎ ያይበታል። በአሜሪካ በጋ (ከሰኔ እስከ ነሐሴ) ቀኑ ስለሚረዝም የሚጀመረው ሲመሽ ነው። ቤተሰቦች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ኤግዚቢሽኑን እያዩ፣ የሆሊውድን ምልክት ከጀርባ አድርገው ፎቶ እየተነሡ ይቆዩና 3 ሰዓት ላይ ወደ ጣሪያው ሲወጡ ሰልፉ ተቆርጦ ያገኙታል። ሰልፉ የሚቆረጠው መዝጊያው ሲደርስ ሳይሆን፣ የተሰለፈው ሰው እስከ መዝጊያው የሚያልቅ ሳይመስል ሲቀር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ጣሪያ፣ ኤግዚቢሽኑ በኋላ።

ቴሌስኮፑ በአንድ ምሽት ብዙ ነገር አያዳርስም፤ አብዛኛውን ጊዜ በሰዓቱ ደምቆ የሚታይ አንድ ነገር ላይ ተነጣጥሮ ይቆያል። ተራ የደረሰው ሰው ግማሽ ደቂቃ ያህል ያያል። የጨረቃ ጉድጓዶች፣ የጁፒተር አራቱ ትላልቅ ጨረቃዎች፣ የሳተርን ቀለበት፣ ጥንድ ከዋክብት፤ እነዚህ የከተማ መብራት የማያጠፋቸው ናቸው። ጋላክሲ እዚህ አይጠበቅም። በወር አንድ ቅዳሜ ደግሞ አማተር ተመልካቾች ሣሩ ላይ ቴሌስኮፖቻቸውን ደርድረው ያሳያሉ። ያን ቀን የገጠመው ሰው በአንድ ምሽት አምስት ስድስት የተለያየ ነገር ማየት ስለሚችል፣ ቀን መምረጥ የሚችል ይህንኑ ይምረጥ።

ቅዳሜና እሑድ ማታ መኪና ይዞ መውጣት ትዕግሥት ይፈትናል። በሜትሮ ቢ መስመር ቨርሞንት/ሰንሴት ጣቢያ ወርዶ «ዳሽ» የሚባለውን ትንሽ አውቶቡስ መያዝ ይቀላል።

ማውንት ዊልሰን፦ ቀን በነጻ፣ ሌሊት በክፍያ

1,742 ሜትር ነው። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ላይ ስላለች፣ ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ እዚህ ትንፋሽ አያጥረውም፤ ወደ ታች እንደ ወረደ ቁጠሩት። በ1904 የመሠረተው የሥነ ፈለክ ሊቁ ጆርጅ ኤለሪ ሄል ነው። ባለ 60 ኢንቹ (1.5 ሜትር) ቴሌስኮፕ በ1908፣ ሁከር የሚባለው ባለ 100 ኢንች (2.5 ሜትር) በ1917 ሥራ ጀመሩ፤ ሁከርም የፓሎማሩ እስኪመጣ ድረስ የዓለም ትልቁ ነበር። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ኤድዊን ሀብል በ1923 አንድሮሜዳ ውስጥ ብርሃኗ የሚደምቅና የሚፈዝ ኮከብ ያገኘው፣ በዚያም አንድሮሜዳ ከእኛ ፍኖተ ሐሊብ ውጭ ያለ ራሱን የቻለ ጋላክሲ መሆኑን ያስረዳው በሁከር ነው። በግሪኮች አፈ ታሪክ አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌውስ ልጅ ናት፤ ያቺ ኮከብ የምትመደብበት «ሴፌይድ» የሚባለው ወገንም ስሙን ያገኘው በዚሁ ንጉሥ ከተሰየመው ኅብረ ኮከብ ነው። ልጆች ይዞ ለሚሄድ ይህችን ማወቅ መንገዱን ታሳጥራለች።

ቀን ለሚሄድ፦ ግቢው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ይከፈታል፣ እንደ ወቅቱ 10 ወይም 11 ሰዓት ላይ ይዘጋል። መግቢያ አይከፈልም። ነገር ግን ቦታው የብሔራዊ ደን ክልል ውስጥ ስለሆነ መኪናው መስታወት ላይ «አድቬንቸር ፓስ» የሚባል የማቆሚያ ፈቃድ መታየት አለበት፤ የአንድ ቀኑ 5 ዶላር ነው። ተራራው ላይ ፈልጎ ከመቸገር ከታች ገዝቶ መውጣት ይሻላል። በሁከር ጉልላት ውስጥ ደረጃ ተወጥቶ በመስታወት በኩል ቴሌስኮፑ የሚታይበት ክፍል አለ። የሚመራ ጉብኝት ቅዳሜና እሑድ በክፍያ ይኖራል፤ ጎብኚው ቴሌስኮፑ ሥር የሚቆመው ያን ጊዜ ብቻ ስለሆነ ክፍያው ይገባዋል። ካፌዋም የምትከፈተው የብርዱ ወቅት ካለፈ በኋላ፣ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው። በሌላው ቀን ምሳ ቋጥሮ መሄድ ግድ ነው።

ሌሊት ለሚሄድ ሁለት በር አለ። አንደኛው ለግለሰብ ትኬት የሚሸጥባቸው ምሽቶች ናቸው፤ ቁጥራቸው ትንሽ ነው፣ ቶሎም ያልቃል። ሁለተኛው ቴሌስኮፑን ለቡድን መከራየት ነው። 60 ኢንቹ እስከ 25 ሰው ይቀበላል፤ ሁከር ከዚያ ያነሰ ሰው ይቀበላል፣ ዋጋውም በጣም ይወደዳል። ኪራዩ የሚታሰበው በጭንቅላት ሳይሆን በምሽት ስለሆነ ለስምንት ሰው የሚከብደው ለሃያ አምስት ሰው ይቀላል። የጽዋ ማኅበር፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ወይም አብሮ አደጎች ቁጥሩን በአንድ ስልክ ይሞሉታል። ስለ ዕድሜ ገደብ፣ ሌሊቱ በአየር ጠባይ ቢሰረዝ ገንዘቡ ስለሚመለስበት ወይም ቀኑ ስለሚለወጥበት ሁኔታ ከመክፈል በፊት ጠይቆ በጽሑፍ መያዝ ነው።

ከሁለቱ የትኛው? ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያይ ሰው 60 ኢንቹ ይበቃል። ከግሪፊዙ ዛይስ 25 እጥፍ ብርሃን ይሰበስባል። ሁከር የሚጨምረው ታሪኩን ነው፤ ምስሉ በእርግጥ ይደምቃል፣ ግን ልዩነቱን አጥርቶ የሚለየው የለመደ ዓይን ነው። ሁከር ደግሞ አንድ የታወቀ ጉድለት አለው። ቱቦው የተሰቀለው ዙሪያውን በታጠረ የብረት ማዕቀፍ መካከል ስለሆነ ወደ ሰሜን ኮከብ አካባቢ መዞር አይችልም፤ ማዕቀፉ ራሱ ይጋርደዋል። ፓሎማር ላይ ይህን እንዴት እንዳረሙት ወረድ ብሎ ይገኛል።

አየሩ የረጋው ለምንድን ነው?

ማውንት ዊልሰን ላይ ሰማዩ ብሩህ ነው፤ ከተማው ሥሩ ተዘርግቷል። ሆኖም ምስሉ ጥርት ብሎ ይቆማል። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። የሰማይ ጨለማ ደብዛዛ ነገር እንዲታይ ያደርጋል። የአየር መርጋት ደግሞ የታየው ነገር እንዳይንቀጠቀጥ ያደርጋል። ከፓስፊክ የሚመጣው ቀዝቃዛ አየር ሸለቆው ውስጥ ተኝቶ ሞቃቱ አየር እንደ ክዳን ይጫነዋል፤ ተራራው ከክዳኑ በላይ ብቅ ስለሚል የሚያልፍበት ነፋስ ሳይታወክ ይፈስሳል። ከዚህ የተነሣ ፕላኔቶች፣ ጥንድ ከዋክብትና የታመቁ የከዋክብት ክምችቶች እዚህ ያምራሉ። ሰፋፊ ጋላክሲዎች ግን የደበዘዘ ጭስ ከመምሰል አያልፉም፤ መስታወቱ የቱንም ያህል ቢተልቅ የሰማዩንም ብርሃን አብሮ ያጎላዋል።

ግንቦትና ሰኔ ላይ ሎስ አንጀለስ በጉም ስትሸፈን «ዛሬማ አይሆንም» ብሎ የሚቀር አለ። ግሪፊዝ ከሆነ ልክ ነው፤ 346 ሜትር ላይ ጉሙ ውስጥ ሊዋጥ ይችላል። ማውንት ዊልሰን ግን ብዙ ጊዜ ከጉሙ በላይ ነው። ጉሙም የከተማውን መብራት ከላይ ስለሚያፍነው እንዲያውም የተሻሉት ሌሊቶች ከነዚህ መካከል ናቸው። በከተማው ሰማይ ከመፍረድ ተራራው ላይ ያሉትን ካሜራዎች ማየት ይበጃል።

ሌላው ነገር ሙቀት ነው። በኅዳር 1917 መጀመሪያ ሁከር ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሰማይ ሲዞር ሄልና ባልደረቦቹ ጁፒተርን ሊያዩ ሞከሩ፤ የታያቸው የተደራረቡ ብዙ ምስሎች ነበሩ። ሠራተኞች ቀኑን ጉልላቱን ከፍተውት ስለዋሉ ከአራት ቶን በላይ የሚመዝነው መስታወት ሞቆ ቅርጹ ተዛብቶ ነበር። ሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ተመልሰው ሲያዩ መስታወቱ ቀዝቅዞ ምስሉ ጠርቷል። ዛሬም ሕጉ ያው ነው፦ መጀመሪያው ሰዓት ላይ ምስሉ ቢዋልል ቴሌስኮፑ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ መስታወቱና ጉልላቱ ከውጭው አየር ጋር እስኪስተካከሉ ነው። ስለዚህ አስጎብኚው «መጀመሪያ ምን እንይ?» ሲል ሳተርንን ለኋላ ማቆየት፣ በከዋክብት ክምችት መጀመር። ሳተርን ቶሎ የምትጠልቅበት ወቅት ካልሆነ ማለት ነው።

ፓሎማር፦ ማሽኑን ለሚወድ

1,712 ሜትር ነው፤ የካልቴክ (የካሊፎርኒያ ቴክኖሎጂ ተቋም) ንብረት ነው። በ1948 የተመረቀው ባለ 200 ኢንች (5.1 ሜትር) የሄል ቴሌስኮፕ እዚህ አለ። መስታወቱ 14.5 ቶን ይመዝናል፤ በ1934 ኒውዮርክ ግዛት ኮርኒንግ ውስጥ ፓይሬክስ ከሚባል ሙቀት ቻይ ብርጭቆ ቀልጦ ተቀረጸ፣ በ1936 በባቡር ካሊፎርኒያ ደረሰ፣ መካከል ላይ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስላቋረጠው ማለስለሱ እስከ 1947 ፈጀ።

ጉልላቱ ከ40 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ ከውጭ ሲታይ አንድ ነገር፣ ከውስጥ ሲታይ ሌላ ነገር ነው። ጎብኚው ደረጃ ወጥቶ በመስታወት ከተከለለ ክፍል ያየዋል። እዚያ ቆሞ ዓይን ማሳረፍ የሚገባው በስተሰሜን ባለው ግዙፍ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ላይ ነው። ስፋቱ 14 ሜትር ገደማ ሲሆን በስስ የዘይት ንጣፍ ላይ ተንሳፍፎ ይዞራል። ሁከርን ከሰሜን ኮከብ የጋረደው ማዕቀፍ እዚህ አንድ ጫፉ ተከፍቶ ኮቴ ሆነ፤ ቱቦው በክፍተቱ መካከል ገብቶ ሰሜንን ማየት ቻለ። የሚንቀሳቀሰው ክፍል 530 ቶን ይሆናል፤ ዘይቱ ሰበቃውን ስላጠፋው ሰማዩን እየተከተለ የሚያዞረው ሞተር አንድ የፈረስ ጉልበት እንኳ አይሞላም። ሁለቱን ተራሮች የሚያይ ሰው ዊልሰንን አስቀድሞ ፓሎማርን ቢያስከትል ይህ ልዩነት ግልጥ ብሎ ይታየዋል፤ ተገላቢጦሹ ግን ሁከርን «አሮጌ ብረት» ያስመስለዋል።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተከፍቶ እንደ ወቅቱ 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ ይዘጋል። በግል ማየት በነጻ ነው፤ የሚመራ ጉብኝት በሞቃቱ ወራት ቅዳሜና እሑድ በጥቂት ክፍያ አለ። ከሎስ አንጀለስ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ የተነሣ፣ መንገድ ላይ ቁርስ ካከለበት፣ የሚተርፈው ጊዜ ትንሽ ነው። ሐምሌም ቢሆን ጃኬት ይያዝ፤ ጉልላቱ ውስጥ ያለው አየር ቀን ከሌት በሚመጣው ሌሊት ቅዝቃዜ ልክ እንዲቆይ ስለሚደረግ ከውጭው ሙቀት በቲሸርት የገባ ሰው በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይወጣል። ኦብዘርቫቶሪው ጋ ምግብ ቤትም ቤንዚንም የለም።

ወደ ላይ የሚወስዱ ሁለት መንገዶች አሉ። ኤስ6 አጭር ግን ጥምዝምዝ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ሞተር ብስክሌተኞች ይፈተኑበታል። ኤስ7 ይረዝማል፣ መታጠፊያዎቹ ግን ሰፋ ያሉ ናቸው። መኪና ላይ ራሱን የሚያዞረው ሰው ካለ በኤስ7 መውጣት ነው።

ማን የትኛውን?

ከአሥር ዓመት በታች ልጆች ላሉት ቤተሰብ ግሪፊዝ፣ ያለ ክርክር። ልጅ ሁለት ሰዓት ተኩል ተነድቶ የማይንቀሳቀስ ብረት በመስታወት እንዲያይ ማድረግ ቅጣት ነው። ጉልበት ለሚያማቸው እናትና አባትም ግሪፊዝ ይሻላል፤ ሊፍት አለው፣ የዊልሰንና የፓሎማር ጉልላቶች ግን ብዙ ደረጃ ያስወጣሉ። ኢንጂነሪንግ የሚማር ወጣት ፓሎማርን አይረሳውም። ለሦስት ቀን ብቻ ለመጣና ሌላ ዕድል ለሌለው እንግዳ አንድ ቀን ከሰዓት በፊት ማውንት ዊልሰን፣ ያንኑ ዕለት ማታ ግሪፊዝ፤ ሁለቱ በአንድ ቀን በደንብ ይገባሉ። ፓሎማርን ከሌላ ጋር በአንድ ቀን ማጣመር አያዋጣም። ሳንዲያጎ ለሚኖር ግን ፓሎማር አንድ ሰዓት ተኩል ስለሆነ ስሌቱ ይገለበጣል።

ቀኑን የምትመርጠው ጨረቃ ናት። ለግሪፊዝ ግማሽ ጨረቃ የሆነችበት ሳምንት ጥሩ ነው፤ ብርሃንና ጥላ በሚገናኙበት መስመር ላይ ጉድጓዶቹ ጎልተው ይታያሉ። ሙሉ ጨረቃ ስትሆን ፀሐይ ፊት ለፊት ስለምትመታት ጥላ አይኖርም፤ እንደ ነጭ ሰሐን ጠፍጣፋ ትሆናለች። ለማውንት ዊልሰን ሌሊት ደግሞ ጨረቃ የሌለችበትን ሳምንት መያዝ ነው። የኪራይ ቀን ሲመረጥ ሰው ሁሉ የሚያየው የሥራ ፈቃዱን ነው፤ ሙሉ ጨረቃ ላይ የወደቀ ቀን ግን ገንዘቡን በግማሽ ይበላዋል።

ሌንሱ ጋ ሲደረስ

ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ አንድ ጊዜ ስልክ ማብራት ያን ሁሉ ያፈርሰዋል፣ የራስንም የጎረቤትንም። ቀይ መብራት ብቻ ይፈቀዳል። ተራ ሲደርስ እጅን ወደ ኋላ አድርጎ መጠጋት ነው፤ ሌንሱን የያዘ እጅ ምስሉን ያንቀጠቅጣል። ዓይን ሌንሱ ላይ አይለጠፍም፤ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ የብርሃኑ ክብ ሙሉ ሆኖ እስኪታይ መፈለግ ነው። ቅርብ ወይም ሩቅ ማየት ብቻ የሚቸግረው መነጽሩን አውልቆ ምስሉ እንዲስተካከልለት መጠየቅ ይችላል፤ አስቲግማቲዝም (የዓይን ፊት ክብነት መዛባት) ያለበት ግን አያውልቅ። ደብዛዛ ነገር ላይ ትኩር ብሎ ማፍጠጥ ያጠፋዋል፤ ዓይንን ወደ ጎን ትንሽ አሽሽቶ በጥጉ ሲያዩት ብቅ ይላል። ከኢንተርኔት ፎቶ ላይ ያለው ቀይና ሐምራዊ አይጠበቅ፤ ዓይን በደብዛዛ ብርሃን ቀለም አይለይም። የሚያዩት አብዛኛው ግራጫ ነው፤ አንዳንድ ደማቅ ኔቡላዎች (የጋዝና የአቧራ ደመናዎች) ብቻ በትልቁ ቴሌስኮፕ ወደ አረንጓዴ ይወስዳቸዋል።

ጉልላት ውስጥ ማሞቂያ የለም፣ ሊኖርም አይችልም፤ ሞቃት አየር ምስሉን ያዋልለዋል። ተራ ሲጠበቅ ጋቢን የሚያህል የለም። ነገር ግን 60 ኢንቹ በዞረ ቁጥር ዓይን የሚጠጋበት ሌንስ ከፍና ዝቅ ስለሚል አንዳንዴ በጨለማ መሰላል ይወጣል፤ የጋቢ ጫፍ ከእግር ሥር ይገባና ይጥላል። ከመውጣት በፊት አውልቆ ለጓደኛ መስጠት ነው። ረጅም ነጠላም እንደዚሁ።

መንገዱና የሚሰረዝ ሌሊት

ወደ ማውንት ዊልሰን ከላ ካኛዳ ተነሥቶ በአንጀለስ ክሬስት መንገድ፣ ከዚያ ሬድ ቦክስ ላይ ወደ ቀኝ፤ በጠቅላላ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ላ ካኛዳን ካለፉ በኋላ ቤንዚን የለም፤ የስልክ ኔትዎርክም ብዙ ቦታ ይጠፋል፤ ካርታውን ከታች ማውረድ ያስፈልጋል። ብዙ መኪና ተከታትሎ የሚወጣ ቡድን «እንደዋወላለን» ብሎ እንዳይለያይ፤ መገናኛውን ሬድ ቦክስ ማቆሚያ ላይ ማድረግ ይሻላል። ማታ ሲወረድ አጋዘንና ከገደል የተንከባለለ ድንጋይ መንገድ ላይ ይገኛል። ዝናብና በረዶ ከጣለ መንገዱ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለወራት ይዘጋል። ስለዚህ የመንገዱን ሁኔታ በዋዜማውና በዕለቱ ጠዋት ማየት፣ ሁለቱንም።

ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ጉልላቱ የማይከፈትበት ሌሊት አለ፤ ጎብኚዎች የሚቆጡትም ያን ጊዜ ነው። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ እርጥበት፣ ነፋስ ወይም አመድ ነው። እርጥበት ሲበዛ መስታወቱ ላይ ጤዛ ያርፋል። አመድ ደግሞ ከሁሉ ይከፋል፤ መስታወቱን የሸፈነውን ስስ አልሙኒየም ይቦረቡረዋል፣ እንደ ጠረጴዛ በጨርቅ ተወልውሎ የሚለቅ አይደለም። ደኑ ሲቃጠል፣ እሳቱ ርቆ ቢሆን እንኳ፣ ጉልላቱ ተዘግቶ ይቆያል። በመስከረም 2020 (በፈረንጆቹ) የቦብካት እሳት ኦብዘርቫቶሪው አጥር ድረስ ደርሶ ነበር። ከሐምሌ እስከ ኅዳር ቀን የሚይዝ ሰው ይህን አስቦ ቀኑ የሚለወጥ ትኬት ይምረጥ።

ሩቅ ለሚሄድ

ጨለማ ሰማይ ዋናው ፍላጎት ከሆነ ቴክሳስ ውስጥ ዴቪስ ተራሮች ላይ ያለው ማክዶናልድ ኦብዘርቫቶሪ ከሦስቱም ይሻላል። በሳምንት ጥቂት ምሽቶች ለሕዝብ የከዋክብት ዝግጅት አለው፤ ትኬቱ አስቀድሞ ይያዛል። ለዳላስ ሐበሻ ስምንት ሰዓት ያህል መንዳት ነው፤ አድሮ መመለስ ግድ ይላል፣ በአቅራቢያው ያለው ማደሪያ ግን ትንሽ ስለሆነ ከትኬቱ በፊት አልጋ መያዝ ነው።

ሃዋይ የሚሄድ ማውና ኬያን ያስባል። 4,205 ሜትር ነው፤ ከራስ ዳሸን ያንሳል። ችግሩ ከፍታው ብቻ ሳይሆን ፍጥነቱ ነው፤ ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ሁለት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ጫፍ ላይ መውጣት። አዲስ አበባ ያደገ ሰው «እኔ ለምጄዋለሁ» ይላል፤ ዓመታት ባሕር ጠለል ላይ ከኖረ ግን ደሙ ያን ልማድ ትቶታል። 2,800 ሜትር ላይ ያለው የጎብኚዎች ጣቢያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ማረፍ ይጠየቃል። ከዚያ በላይ ባለ አራት ጎማ ድራይቭ መኪና ያስፈልጋል። ነፍሰ ጡር፣ የልብና የሳንባ ሕመምተኛ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ባሕር ጠልቆ የዋኘ ሰው አይወጣም። ፀሐይ ከጠለቀች ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጎብኚ ከጫፉ መውረድ አለበት፤ እዚያ ባሉት ግዙፍ ቴሌስኮፖችም ሕዝብ አያይባቸውም።

ለእረፍት አገር ቤት የሚገባ ደግሞ እንጦጦን ያስብ። 3,200 ሜትር ላይ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር የሆኑ ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉበት የምርምር ጣቢያ ነው፤ ዝም ብሎ በር ላይ የሚደረስበት የመዝናኛ ስፍራ ስላልሆነ አስቀድሞ ደውሎ ማስፈቀድ ያስፈልጋል። ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ሰማዩን ይዘጋዋል፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ይሻላል። የአዲስ አበባ መብራት እዚህም ሰማዩን ማፍዘዙ አልቀረም። የካሊፎርኒያ ተራሮች የሌላቸውን አንድ ነገር ግን ኬክሮሱ ይሰጣል፦ ከወገብ መስመር በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ በመሆኑ በየካቲት ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ የደቡብ መስቀል በስተደቡብ፣ የሰሜን ኮከብ በስተሰሜን ከአድማስ ከፍ ብላ፣ በአንድ ሰማይ ላይ ይታያሉ። ለዚህ ቴሌስኮፕ አያስፈልግም፤ በሁለቱም አቅጣጫ ተራራም ዛፍም ያልጋረደው ቦታ፣ የሌሊት ፈቃድና አብሮ የሚያመሽ ሰው ይበቃል።